ሻጩ በእርግጥ ባለቤት ነው? ከግዢ ወይም ከመያዣ በፊት ባለቤትነትን የማጣራት መንገድ

ቤት ወይም መሬት ሊገዛ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሻጩ ወረቀት አለው ወይ?» ብሎ ነው። ወረቀትማ አለው፤ አጭበርባሪውም አለው። የሚሻለው ጥያቄ «ገንዘቤን ከከፈልኩ በኋላ የኔ ነው ብሎ ማን ሊመጣብኝ ይችላል?» የሚለው ነው። ሊመጡ የሚችሉት ደግሞ የታወቁ ናቸው፦ የቀድሞ ባለቤት፣ የሻጩ ባል ወይም ሚስት፣ ከውርስ የተዘለለ እኅት ወይም ወንድም፣ ባንክ፣ ግብር ሰብሳቢ፣ ተከራይ፣ ጎረቤት፣ መንግሥት። ማጣራት ማለት እነዚህን አንድ በአንድ እያነሡ እያንዳንዳቸው ምን መብት እንዳላቸው ማወቅ ነው። ቤቱን በመያዣ የሚቀበል አበዳሪም ከዚህ አያመልጥም፤ ተበዳሪው ካልከፈለ ገንዘቡን የሚያገኘው ከዚያው ቤት ስለሆነ እንደ ገዢ ማሰብ አለበት።

ዝርዝር ሕጉ እንደ አገሩ ይለያያል፤ የማጣራቱ ቅደም ተከተል ግን ከቦታ ቦታ ብዙም አይለወጥም።

አንደኛ፦ መዝገቡ ምን ዓይነት እንደሆነ ይወቁ

የመሬት መዝገብ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ዓይነት መዝገብ ቤቱ የሚያስቀምጠው ሰነድ ብቻ ነው። የሽያጭ ውሉም፣ የመያዣ ውሉም፣ የፍርድ ቤት ትእዛዙም በቀኑ ገብቶ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሻጩ ግን በእርግጥ ባለቤት ነበር ወይ ለሚለው መዝጋቢው ዋስ አይሆንም። አብዛኞቹ የአሜሪካ ካውንቲዎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) የሚሠሩት እንዲህ ነው። በሁለተኛው ዓይነት ግን መብቱን የሚሰጠው ምዝገባው ራሱ ነው፤ በመዝገቡ ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ባለቤት ነው፣ በመዝገቡ ስሕተት የተጎዳም ካሣ የሚጠይቅበት መንገድ ይኖረዋል። የዚህ ሥርዓት ታዋቂው መነሻ እ.ኤ.አ. በ1858 በደቡብ አውስትራሊያ የወጣው ሕግ ሲሆን፣ ያስወጣው ሮበርት ቶረንስ ቀደም ሲል የጉምሩክ ሹም የነበረ ሰው ነው። እስካሁን በስሙ ይጠራል።

ልዩነቱ የሥራዎን መጠን ይወስናል። በመጀመሪያው ዓይነት ወደ ኋላ እየሄዱ እያንዳንዱን ዝውውር መመርመር የእርስዎ ወይም የጠበቃዎ ፈንታ ነው። በሁለተኛው ዓይነት ትኩረቱ ዛሬ መዝገቡ ላይ ባለው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መዝገቡ ላይ በሌለው ነገር ላይ ይሆናል። ሁለቱ ጎን ለጎን የሚኖሩበት አገርም አለ። በእንግሊዝና ዌልስ ያልተመዘገበ መሬት ሲሸጥ መመዝገቡ በመላው አገር ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1990 ወዲህ ነው፤ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ከአንድ ቤተሰብ እጅ ያልወጣ መሬት ዛሬም ሳይመዘገብ ሊገኝ ይችላል።

እዚሁ ላይ የሚሸጠው መብት ምን እንደሆነ ያረጋግጡ። ሙሉ ባለቤትነት ነው፣ የሊዝ ይዞታ ነው፣ የጋራ ሕንፃ ክፍል ነው፣ ወይስ ከጋራ ንብረት ላይ ድርሻ? ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ቦታ በቀር መሬት ሁሉ በሊዝ የተያዘ ነው፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነባቸው አገሮችም የሚዛወረው ሕንፃውና የመጠቀም መብቱ ነው። ሊዝ ከሆነ የቀረው ዘመን ስንት እንደሆነ፣ ያልተከፈለ ውዝፍ እንዳለ፣ ለማስተላለፍ የማን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይጠይቁ። የቀረው ዘመን ከብድሩ ዘመን የሚያጥር ከሆነ አበዳሪው ጨርሶ ላይቀበለው ይችላል።

ሁለተኛ፦ የመዝገቡን ቅጂ ራስዎ ያውጡ

ሻጩ ወይም ደላላው ያመጣውን ቅጂ በትሕትና ተቀብለው ወደ ጎን ያስቀምጡት። ቅጂው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ግን ከሁለት ዓመት በፊት የወጣ ከሆነ ከዚያ ወዲህ የገባውን መያዣ ወይም እገዳ አያሳይም። ከመዝገብ ቤቱ በራስዎ ወይም በጠበቃዎ እጅ፣ የወጣበት ቀን ያለበት አዲስ ቅጂ ከነፕላኑ ይውሰዱ። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው የቦታውን መለያ ቁጥር፣ ስፋቱን፣ አድራሻውን፣ የባለቤቱን ሙሉ ስም ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ሁለቱ ካልገጠሙ ሻጩ ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ያስረዳ። «የጸሐፊ ስሕተት ነው» ካለ ስሕተቱን አሳርሞ ይምጣ፤ ማሳረም የሻጩ ሥራ ነው።

ሦስተኛ፦ ገጹን ክፍል በክፍል ያንብቡ

ሥርዓታቸው የተለያየ ቢሆንም ብዙ መዝገቦች ሦስት ጥያቄ ይመልሳሉ፦ ንብረቱ የቱ ነው? የማን ነው? ምን ተጭኖበታል? የእንግሊዙ መዝገብ በሦስቱ መሠረት በሦስት ክፍል ይለያል። የጀርመኑ ደግሞ ንብረቱን ከገለጸ በኋላ አንደኛውን ክፍል ለባለቤቱ፣ ሁለተኛውን እንደ መተላለፊያ መብትና የአላባ መብት (በሌላ ሰው ንብረት የመጠቀም መብት) ላሉ ጫናዎችና ገደቦች፣ ሦስተኛውን ለገንዘብ መያዣ ይሰጣል። በጀርመን መዝገብ የተሰረዘ ነገር ከገጹ አይጠፋም፤ በቀይ ይሰመርበታል። የገጹን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ያየ ሰው የተሰረዘውን መያዣ ጎላ ተደርጎ የተሰመረበት ሊመስለው ይችላል። የሚያነቡት መዝገብ የራሱ እንዲህ ያለ ልማድ አለውና ምልክቱን ሠራተኛውን ይጠይቁ።

እዳና እገዳ የሚባለውን ክፍል ሲያዩ ከፍ ያለ ጥንቃቄ የሚፈልገው ተከፍሎ ያላለቀው እዳ ብቻ አይደለም። «ይሄማ ድሮ ተከፍሏል» የሚባለውም ነው። ብድሩ መከፈሉና መያዣው ከመዝገብ መሰረዙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አበዳሪው የስረዛ ሰነድ ሰጥቶ፣ ሰነዱ ገብቶ፣ መዝገቡ ላይ እስኪታይ ድረስ መያዣው እንዳለ ይቁጠሩት። እዳው ገና ካለ ደግሞ የቀረው መጠን ስንት እንደሆነ ከሻጩ አፍ አይስሙ፤ አበዳሪው ራሱ እስከ መዝጊያው ቀን፣ ማለትም ሽያጩ እስከሚጠናቀቅበት ቀን፣ ያለውን ወለድ ጨምሮ በጽሑፍ ይግለጽ። ክፍያውም ከእርስዎ በቀጥታ ወደ አበዳሪው ይሂድና ትርፉ ብቻ ለሻጩ ይድረስ።

የመተላለፊያ መብት፣ የቀደምትነት መብት (ቤቱ ሲሸጥ ከሌላው ቀድሞ የመግዛት መብት)፣ የረጅም ጊዜ ኪራይ፣ በቦታው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም የሚል ገደብ፣ በክርክር ምክንያት የተላለፈ እግድ፣ እነዚህም ሁሉ ገጹ ላይ በአጭሩ ይጠቀሳሉ። አጭሩን ማስታወሻ አንብበው አይለፉ፤ መብቱን ወይም ገደቡን የመሠረተውን ሰነድ ቅጂ ያስወጡ። «በስተምሥራቅ የመተላለፊያ መብት አለ» የሚል አንድ መስመር ሰነዱ ሲነበብ ለጎረቤት ከባድ መኪና ሊፈቅድ ይችላል።

አራተኛ፦ ሰንሰለቱን ወደ ኋላ ይከተሉ

ሕጉ የሚነሣው ከአንድ ቀላል ነገር ነው፤ ማንም ሰው ከራሱ መብት በላይ ማስተላለፍ አይችልም። ከኋላ አንድ ቀለበት ከተበጠሰ ከዚያ ወዲህ ያሉት ሁሉ ሊናዱ ይችላሉ። መዝገቡ የሰነድ ብቻ በሆነበት ቦታ ይህ ዋናው ሥራ ነው።

አንድ ወረቀት ይውሰዱና አምስት ዓምድ ያስምሩ፦ ቀን፣ ከማን፣ ለማን፣ በምን (ሽያጭ፣ ስጦታ፣ ውርስ፣ ፍቺ፣ ፍርድ፣ ሐራጅ)፣ የሰነድ ቁጥር። ከዛሬው ሻጭ ይጀምሩ። «ለማን» በሚለው ስሙ ያለበትን ሰነድ ይፈልጉ፤ የሸጠለትን ሰው ስም በታችኛው መስመር «ለማን» ላይ ያስገቡና እርሱስ ከማን እንዳገኘ ይፈልጉ። ወደ ኋላ ጨርሰው ሲያበቁ ደግሞ ተመልሰው እያንዳንዱ ባለቤት ንብረቱ በእጁ በነበረበት ዘመን ምን እንዳስያዘ፣ ለሌላስ ሸጦ እንደሆነ ይመልከቱ። ብዙ ሰው ይህን የመልስ ጉዞ ይተወዋል፤ ለሁለት ሰው የተሸጠ ቤት የሚገኘው ግን እዚያ ላይ ነው።

ምን ያህል ወደ ኋላ? በእንግሊዝ ላልተመዘገበ መሬት ቢያንስ 15 ዓመት የሞላው ጥሩ መነሻ ሰነድ ይፈለጋል። በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ሕጉ 30 ወይም 40 ዓመት ይላል። እርስዎ የሚሠሩበትን የጊዜ ልክ ጠበቃ ይንገርዎት፤ ከዚያ በታች ግን አይቁሙ።

እያንዳንዱ ዝውውር የራሱ መዘዝ አለው። የውርስ ከሆነ ወራሾቹ በሙሉ እነማን ነበሩ? ሦስት ልጆች ወርሰው ውሉ ላይ የፈረሙት ሁለት ከሆኑ ሻጩ የሸጠው ከሦስት ሁለቱን እጅ ነው፤ ሦስተኛው ውጭ አገር ይኑር፣ አካለ መጠን ያላደረሰ ይሁን፣ መብቱ አብሮት አለ። የፍርድ ከሆነ የይግባኝ ጊዜው አልፏል ወይ? የተፈረደበት ሰውስ መጥሪያ ደርሶት ነበር ወይስ በሌለበት ነው የተወሰነው? የሐራጅ ከሆነ ማስታወቂያው በሕጉ መሠረት ወጥቶ ነበር? የውክልና ከሆነ ሰነዱ ቤቱን ለመሸጥ ሥልጣን ይሰጣል ወይስ ለማስተዳደር ብቻ? ውል በተፈረመበት ቀን ወካዩ በሕይወት ነበር? ተራ ውክልና ወካዩ ሲሞት ይቀራልና የመጨረሻው ጥያቄ እንደ ክፉ ጥርጣሬ አይታይ። ሰነዱ የተሰጠበትን ቢሮ በቀጥታ ጠይቀው አለመሻሩንም ያረጋግጡ።

አምስተኛ፦ ከፊትዎ የተቀመጠውን ሰው ያረጋግጡ

እስካሁን ያየነው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ፣ ሻጭ ነኝ ያለው ሰው ግን መዝገቡ ላይ ያለው ሰው ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ለንደን ውስጥ አንድ ገዢ ሰው ላልነበረበት ቤት 1.1 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለ፤ ሻጩ የባለቤቱን ስም የተዋሰ አጭበርባሪ ነበር። መዝገቡ ትክክል ነበር፣ ባለቤቱም እውነተኛ ሰው ነበር፤ የተሸጠው ግን ባለቤቱ ሳያውቅ ነው። ጉዳዩ በ2018 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ክርክሩ ገንዘቡን ጠበቆቹ ይክፈሉ ወይ ወደሚለው ዞረ።

እንዲህ ያለው ማጭበርበር የሚወደው ቤት የታወቀ ነው፦ ባዶ፣ መያዣ የሌለበት፣ ባለቤቱ ሩቅ የሚኖር። ሻጩ ደግሞ ይቸኩላል፣ ከገበያ በታች ይጠይቃል፣ በአካል መገናኘት ይከብደዋል። እነዚህ ሲገጣጠሙ መታወቂያውን በማየት አይብቃዎት። ራሱ ቤቱን የገዛበትን ውል፣ የቆዩ የግብር ደረሰኞች፣ በስሙ የመጡ የመብራትና የውኃ ክፍያዎች ያምጣ፤ ጎረቤትም ባለቤቱን በመልክ ያውቀው እንደሆነ ይጠይቁ። እውነተኛ ባለቤት በዚህ ቢቆጣ እንኳ ያመጣል።

ሻጩ ድርጅት ከሆነ የንግድ ምዝገባው የጸና መሆኑን፣ ፈራሚው የመሸጥ ሥልጣን እንዳለው፣ መመሥረቻ ጽሑፉ የቦርድ ወይም የባለአክሲዮኖች ውሳኔ ይጠይቅ እንደሆነ ያጣሩ። ኪሳራ ውስጥ ያለ ድርጅት ወይም ግለሰብ የሸጠው በኋላ ሊፈርስ ይችላል።

ስድስተኛ፦ ቤቱ ውስጥ ማን ይኖራል?

ይህን ደረጃ ለማሳጠር የሚፈልግ ሁሉ አንድ የእንግሊዝ ፍርድ ቢያስታውስ ይበቃዋል። ባሏ የሞተባት አንዲት አረጋዊት ቤቷን እ.ኤ.አ. በ1960 በደባልነት አብሯት ለሚኖር ሰው ስም አዛወረች፤ በቃል የተስማሙት ቤቱ የእሷው እንደሆነ እንዲቀጥል ነበር። ሰውየው በ1964 ሸጠው። ገዢው ቤቱን ሊያይ በመጣ ጊዜ ሴትዮዋን አይቷታል፤ የሻጩ ሚስት መስላው አልጠየቃትም። ገዢው ደግሞ ከአበዳሪ ተበድሮ ቤቱን አስይዞ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1971 ለአረጋዊቷ ፈረደ፤ መብቷ መዝገቡ ላይ ባይኖርም ቤቱ ውስጥ ነበረችና ገዢውንም አበዳሪውንም አሸነፈች። ያኔ የአገሩ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በ1980 ደግሞ በባሏ ስም ብቻ በተመዘገበ ቤት ላይ ገንዘቧን ያዋጣችና እዚያው የምትኖር ሚስት ባንኩን ልትረታ እንደምትችል ወሰነ። ባንኩ እሷን አልጠየቃትም ነበር።

ስለዚህ ቤቱን በሁለት የተለያየ ሰዓት ሄደው ይዩት። ቁም ሣጥን ውስጥ የማን ልብስ ነው? በሩ ላይ ስንት ደወል አለ? በጓሮ ያለው ክፍል ተከራይቷል? እያንዳንዱን አዋቂ ነዋሪ ራሱን ይጠይቁት፤ «እኔ እነግርልሃለሁ» የሚል ሻጭ ካለ ነዋሪውን መጠየቅ ይበልጥ ያስፈልጋል። ተከራይ ከሆነ ውሉን፣ የቀረውን ጊዜና በቅድሚያ የከፈለውን ያሳይ። ባለትዳር ከሆነ፣ ቤቱ በአንዱ ስም ቢሆንም፣ ሌላው በውሉ ላይ በግልጽ ይስማማ። ከዚህ በኋላ ሁሉም አዋቂ ነዋሪዎች መብት እንደሌላቸው ወይም ካላቸው እንደለቀቁ፣ በተባለውም ቀን እንደሚወጡ ፈርመው ይስጡ። አረጋዊ ወላጅ ያለ ተጽዕኖ መፈረሙን ራሱን የቻለ ጠበቃ ቢያስረዳው ይመረጣል።

ሰባተኛ፦ መሬት ላይ ያለውን ከፕላኑ ጋር ያስተያዩ

ፕላኑን ይዘው ወሰኑን በእግር ይዙሩ። አጥሩ ፕላኑ ካለው ውጭ ከሆነ የጎረቤቱ መሬት ተወስዶ ይሆናል፣ ወይም የእርስዎ በጎረቤት ተይዞ በይርጋ (ለረጅም ጊዜ በመያዝ ብቻ) ሊወሰድ ተቃርቦ ይሆናል። የአንዳንድ አገር ፕላን ወሰኑን በግምት እንጂ በትክክል አያሳይም፤ የእንግሊዙ መደበኛ የመዝገብ ፕላን እንዲህ ነው። ጥርጣሬ ካለ ቀያሽ ይጥሩ። ከዚያ ወደ ግቢው የሚያስገባው መንገድ የማን እንደሆነ ይጠይቁ፤ በልማድ የሚታለፍበት የጎረቤት መሬት ከሆነና የተመዘገበ መብት ከሌለ ጎረቤቱ በተለወጠ ቀን ችግር ይመጣል። የተጨመረው ፎቅ ወይም ጋራዥ የግንባታ ፈቃድ እንዳለው፣ ቦታው ለመንገድ ወይም ለልማት እንዳልታሰበ ከሚመለከተው የከተማ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይውሰዱ።

ግብር፣ የጋራ ሕንፃ የጥገና መዋጮና የአገልግሎት ክፍያ በብዙ ቦታ ቤቱን ተከትለው ለአዲሱ ባለቤት ይደርሳሉ። ውዝፍ እንደሌለ የሚገልጽ የክሊራንስ ወረቀት ይጠይቁ። ሻጩ ተከሶ ወይም ተፈርዶበት እንደሆነም በስሙ ፍርድ ቤት ይፈልጉ።

ስምንተኛ፦ በፍለጋውና በምዝገባው መካከል ያለውን ክፍተት ይዝጉ

ዛሬ መዝገቡ ንጹሕ ነው፤ ውሉ የሚፈረመው ሐሙስ፣ የሚመዘገበው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው እንበል። በዚያ መካከል ሌላ መያዣ ወይም የፍርድ እግድ ቢገባ ማን ይቀድማል? ብዙ ሥርዓቶች ለዚህ መላ አላቸው። በእንግሊዝ ቅድሚያ የሚያስይዝ ይፋዊ ፍለጋ ያደረገ ገዢ 30 የሥራ ቀን ይጠበቅለታል። በጀርመን ደግሞ ገዢው ገና ባለቤት ሳይሆን የመግዛት መብቱን መዝገቡ ላይ ያስመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባ ነገር እርሱን አይጎዳውም። እንዲህ ያለ መንገድ በሌለበት በመዝጊያው ዕለት ጠዋት ፍለጋውን ይድገሙ፤ ገንዘቡም ምዝገባው እስኪፈጸም በሁለታችሁም በታመነ ሦስተኛ ወገን እጅ በአደራ ይቀመጥ። ሻጩ «ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ዛሬ ካልከፈልክ» ካለ ቀብዱን ያሳንሱ እንጂ ደረጃውን አይዝለሉ። ቀብድ ሲከፍሉም ማጣሪያው ጉድለት ካሳየ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ በውሉ ይጻፍ።

ዘጠነኛ፦ በመያዣ ለሚቀበል ሰው የሚጨመሩ ነገሮች

አበዳሪ ስለ ባለቤትነቱ ካጣራ በኋላ ተራውን ያጣራል። ከእርሱ በፊት ስንት መያዣ አለ? የመጀመሪያው መያዣ ለወደፊት ብድር ጭምር የሚያገለግል ነው ወይ? ከሆነ ዛሬ ትንሽ የሚመስለው ቀዳሚ እዳ ነገ ሊያብጥ ይችላል። ግንባታ ላይ ያለ ቤት ከሆነ ሌላም አለ፤ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ያልተከፈለው ተቋራጭ የሚኖረው የመያዣ መብት ሥራው ከተጀመረበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። በዚህ ምክንያት አበዳሪዎች መያዣውን ከማስመዝገባቸው በፊት ቦታው ላይ ድንጋይ እንኳ እንዳልወረደ በቀን የተደገፈ ፎቶ ያነሣሉ።

ተበዳሪውም አንድ ነገር ይወቅ። ባንኩ ያስጠናው የባለቤትነት ማጣሪያ ለባንኩ ገንዘብ የተደረገ ነው። ቤቱ የብድሩን ያህል ዋጋ እስከሚያወጣ ድረስ ባንኩን የማያሳስበው የጎረቤት መተላለፊያ እርስዎን ዕድሜ ልክዎን ሊያሳስብ ይችላል። የባለቤትነት ኢንሹራንስ (ባለቤትነቱ ላይ ጉድለት ቢገኝ ኪሳራውን የሚሸፍን) በሚሸጥበት አገርም እንዲሁ ነው፤ የአበዳሪው ፖሊሲ የሚጠብቀው አበዳሪውን ነው፣ ባለቤቱ ለራሱ ለብቻ መግዛት አለበት።

ይህ ኢንሹራንስ የተወለደበት ታሪክ ራሱ ትምህርት አለው። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ አንድ የሰነድ ባለሙያ ቤቱ ላይ የተመዘገበ የፍርድ እዳ አገኘ፤ ጠበቃ ጠየቀ፤ ጠበቃው «አያሠጋም» አለ፤ ባለሙያውም ለገዢው ንጹሕ ነው ብሎ ነገረው። እዳው ግን የጸና ነበርና ገዢው ከሠረ። እ.ኤ.አ. በ1868 ፍርድ ቤቱ ባለሙያው በቂ ጥንቃቄ ስላደረገ ተጠያቂ አይደለም አለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1876፣ የመጀመሪያው የባለቤትነት ኢንሹራንስ ኩባንያ ፊላዴልፊያ ተከፈተ። የሚሠራልዎት ሰው «አያሠጋም» ሲል ያገኘው ነገር ምን እንደሆነና ለምን እንደማያሠጋ በጽሑፍ ይስጥዎት።

አሥረኛ፦ ከምዝገባው በኋላ

ሥራው ቁልፍ ሲረከቡ አያበቃም። ምዝገባው እንዳለቀ ሌላ አዲስ ቅጂ ያውጡ፤ አሁን በእርስዎ ስም። ስምዎ በትክክል ተጽፏል? የቦታው መለያ ቁጥር የገዙት ቦታ ነው ወይስ የጎኑ? የሻጩ የቀድሞ መያዣ ተሰርዟል? ስሕተት ካለ ያኔውኑ ያሳርሙ፤ ሻጩ ስልኩን በሚያነሣበት ሳምንት የሚታረመው ነገር ከዓመት በኋላ ክስ ይፈልጋል። ዓምድ አስምረው የሠሩትን የሰንሰለት ወረቀት፣ ነዋሪዎቹ የፈረሙትን፣ የስረዛ ሰነዱንና የከፈሉበትን ደረሰኝ ባንድ ማኅደር ያኑሩት፤ ቤቱን የሚሸጡ ወይም የሚያስይዙ ቀን የሚጠየቁት እነዚህኑ ነው።